ሁለተኛው ምድጃ

ከሊዝበን ላኩኝ፣ ከዋናው ቢሮ፣
ወደ ፔኒሽ ወደብ፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ታስሮ፦
ሦስት መሥመር ወደ አንድ፣ በሐምሌ ማብቂያ፤
መቶ ዐሥር ሠራተኛ ወደ ሰማንያ፤
በቀስት ተያይዞ፣ በቀለም ተለይቶ፣
ሰው የሚባል ነገር ከሥዕሉ ወጥቶ።

ከዝርዝሩ መሀል ቀላሏ አንዲት ነጥብ፦
“ጡሩምባው ይዘጋ፤ ጥሪው በስልክ ይነበብ።”
“ቀላል ናት” አልሁና ከሷው ልጀምር፣
“ከትንሹ ተነሣ” የሚል ትምህርት ነበር።

ሳርዲን የጫነ ጀልባ ወደብ ሲደርስ፣
ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ጡሩምባው ሲያለቅስ፣
ሴቶቹ ሽርጥ ታጥቀው ቁልቁል ይወርዳሉ፤
እያዛጉ፣ እየሳቁ፣ መቀስ ይይዛሉ።
ሰባ ዓመት እንዲህ ነው። እኔ የመጣሁት
በሦስት ሳምንቴ ነው ገመዱን ያስፈታሁት።

ሰኞ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል፣
አራት ቶን ዓሣ ገባ፣ ብር ነው የሚመስል።
“ላክ” የሚለውን ነካሁ፤ መልእክቱ በረረ፤
“ደርሷል” አለኝ ስክሪኑ፤ ልቤም ፎከረ።

የመጡት ሃያ ሁለት።
ሌላው? ስልኩን ከትራስ ሥር ድምፁን ነሥቶ፣
የልጅ ልጅ ወስዶበት፣ ባትሪው ተንጠፍጥፎ ሞቶ፣
ግማሹ ቁጥር ለውጦ፣ ግማሹ መነጽር አጥቶ።
ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ያንን ሰምቶ ነበር ሁለተኛ ምድጃ የሚያነድ፤
እነዚያ የመጡት ሳይቀሩ ቆሙ በባዶ ሆድ።
ፀሐይ ወጣች፤ የዓሣው ዓይን ደፈረሰ፤
አንድ ቶን ተኩሉ ለማዳበሪያ ፈሰሰ።

ማታ ለሊዝበን ጻፍሁ፦ “ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል።”
ቅጹ ላይ ዓምድ አለ፤ “ተቃውሞ” ይላል።
እሱን ልሞላ ስል በሩ ተንኳኳና
ግራሲንዳ ገባች፣ ሽርጧን ሳትፈታ ገና፦

“ኢንጂነር ኤቫሪስቶ፣ የእንፋሎቱን ወጪ አስልተሃል፤
ማን እንደሚሰማው ግን ማንን ጠይቀሃል?
ማሽን የጠላን መስሎህ? ይኸው ጣቴን እየው፤
አልታጠፍ ካለኝ ቆየ፤ ጨው ነው የበላው።
ሠላሳ ሰው ይቀነሳል ሲባል የሰማነው ከሾፌር ነው፤
ካንተ አፍ ያልወጣ ነገር እንዴት ብለን እንመነው?
ቀኑን ንገረን ብቻ። ማን እንደሚሄድም። ፊት ለፊት።
ባሌ ሊሞት ሲል እንኳ ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኛል፣ በአክብሮት።”

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀች።
አንዲት የዓሣ ቅርፊት ጠረጴዛዬ ላይ ቀረች።

በማግሥቱ ዘፌሪኖ ገመዱን ቀጠለ፤
“ነግሬህ ነበር” አላለም፤ ሣቁ ግን ይህን መሰለ።
እኔም ቢሮ ዘግቼ መሥመር ሁለት ቆምሁ፣
ራሱን፣ ጅራቱን፣ ሳርዲን መቁረጥ ተማርሁ፤
አውራ ጣቴን ቆረጥሁ፤ ሣቁብኝ፤ አብሬ ሣቅሁ።
እዚያ ነው የሰማሁት፦ ማሽኑ በሰሜን በኩል ቢቆም ይደነቃቀፋል፤
ወለሉ ያዘቀዝቃል፤ የእጣቢው ውሃ በዚያ ያልፋል።
ይህን የትኛው ሰንጠረዥ ያውቃል?
ለሊዝበንስ ማን ይጽፋል?

ሠላሳውን ሰው፣ በየቤቱ፣ አንድ ባንድ አናገርሁ፤
አንዱ በር ዘጋብኝ፤ አንዷ ሾርባ ሰጠችኝ፤ አንዷ ስታለቅስ ዝም አልሁ።
ሁሉም ይቅር አላሉኝም። ይቅር በሉኝም አላልሁ።

“ተቃውሞ” የሚለው ዓምድ ዛሬም ባዶ ነው፤ ሊዝበን ይጠይቀኛል፤
“እየተጣራ ነው” እላለሁ፤ ያልፈኛል።

ጡሩምባውስ? ተዘጋ፣ ኋላ፣ በመስከረም፤
ሰፈሩ ስልክ እስኪለምድ ሁለቱም አብረው ሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ የለም።
የመጨረሻው ዕለት ግራሲንዳ ራሷ ሳበች፤
ጀልባ በሌለበት ወደብ ረጅም ድምፅ ለቀቀች።
ዳቦ ጋጋሪው፣ የመጨረሻው መሆኑን እያወቀ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ያን ሌሊትም አነደደ ሁለተኛውን ምድጃ።